«ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ካልን በኋላ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሆዷ የገፋ እናት ባየን ጊዜ ከአፋችን ቀድሞ የሚወጣው ቃል «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» የሚለው ምርቃት ነው። ምጥ ሲይዛት በዙሪያዋ ያሉት ሴቶች «ማርያም፣ ማርያም» እያሉ ይማጸኑላታል፤ በሰላም ስትገላገልም «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እያልን እንጠይቃታለን። ጳጉሜን 3 ቀን ደግሞ ፈታሔ ማኅፀን እያልን የምንጠራውን የመልአኩን የቅዱስ ሩፋኤልን በዓል ስናከብር፣ የፀነሱ እናቶች ሁሉ በሰላም እንዲወልዱ እንለምናለን። ይህ ሁሉ ከእናቶቻችንና ከአባቶቻችን የተቀበልነው መልካም ቅርስ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ጥያቄ ግን ከምርቃቱ በኋላ ያለውን ይመለከታል። ከመረቅናት በኋላ ምን አደረግንላት? የውኃ ጀሪካኑን ከጀርባዋ ተቀበልናት? በጾሙ ወራት ምን እንደምትበላ ጠየቅናት? በቅዳሴ ሰዓት እግሯ ሲያብጥ ወንበር አቀረብንላት? ምጥ በሌሊት ቢይዛት በምን እንደምትሄድ አስበን እናውቃለን?

የክልላችንን አንድ ትልቅ ነገር እናስታውስ። የቅዱስ ሩፋኤል በዓል በተከበረ ማግሥት፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በመተከል ዞን በጉባ ወረዳ ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ተመረቀ። መሠረቱ የተጣለው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነበርና ሥራው 14 ዓመት ከ5 ወር ያህል ወስዷል። ቁመቱ 145 ሜትር፣ ርዝመቱ 1,780 ሜትር ሲሆን 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውኃ እንዲይዝ ተደርጎ ተሠርቷል። በእነዚያ ዓመታት ባለጠጋውም ድሀውም ቦንድ ገዝቷል፤ በ8100 መልእክት ልኳል። ሕዝቡ ስለ ግድቡ ጸልዮአል፤ ሆኖም «እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ ሲሚንቶ ሳያዘጋጅ ክረምቱን የጠበቀ አልነበረም። ጸሎቱና ሥራው አብረው ሄዱ።

ሕፃን በእናቱ ማኅፀን የሚቆየው 40 ሳምንት ያህል ብቻ ነው። ለግድቡ 14 ዓመት የተዘጋጀን ሰዎች፣ በእግዚአብሔር አርአያ ለሚፈጠረው ሰው 9 ወር መዘጋጀትን እንዴት እንደ እምነት ማነስ እንቆጥረዋለን? የጸሐፊው አቋም ይህ ነው፦ ለእናትና ለሕፃን መዘጋጀት የእምነት ፍሬ ነው፤ ነፍሰ ጡርን ከሸክም፣ ከከባድ ጾምና ከከባድ ስግደት ማሳረፍም የቤተ ክርስቲያን ርኅራኄ እንጂ የሥርዓት መላላት አይደለም።

ሐኪሙ ወንጌላዊ የጻፈልን

በወንጌል ውስጥ የሁለት ነፍሰ ጡሮችን ታሪክ በስፋት የጻፈልን ቅዱስ ሉቃስ ነው፤ እርሱም ቅዱስ ጳውሎስ ሐኪም ብሎ የጠራው ነው (ቈላ. 4፥14)። እመቤታችን ቅድስት ድንግል ማርያም የመልአኩን ብሥራት እንደ ተቀበለች ከናዝሬት ተነሥታ ወደ ተራራማው የይሁዳ ሀገር ሄደች። በዚያም በእርጅናዋ ፀንሳ ስድስተኛ ወሯን የያዘችው ኤልሳቤጥ ነበረች። እመቤታችን ሰላምታ ብቻ ሰጥታ አልተመለሰችም፤ ሦስት ወር ያህል ከእርሷ ዘንድ ተቀመጠች (ሉቃ. 1፥39-56)። ፈጣሪዋን የፀነሰች ንግሥት ያረጀች ነፍሰ ጡር ቤት ለመግባት መንገዱ አልረዘመባትም። እኛ ታዲያ በአንድ ቀበሌ እየኖርን፣ በአንድ ዐውደ ምሕረት እየቆምን፣ የእኅታችንን ደጅ ሳናንኳኳ ዘጠኝ ወር ቢያልፍ ምን መልስ ይኖረናል?

እመቤታችን ያለ ምጥና ያለ ሕማም የወለደች ናትና የእርሷን መውለድ ከማንም ጋር አናነጻጽርም። ቢሆንም ወንጌላዊው አንድ ትንሽ ነገር ሳይዘነጋ ጽፎልናል፤ በቤተልሔም የእንግዶች ማደሪያ ቢታጣም ሕፃኑ የተጠቀለለበት ጨርቅ አልታጣም (ሉቃ. 2፥7)። በአንዳንድ ቤት ለሚወለደው ሕፃን ልብስ አስቀድሞ ማዘጋጀት ክፉ ነገር ይጠራል ተብሎ ይፈራል። ይህ ፍርሃት ከየትኛውም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አልመጣም። ንጹሕ ጨርቅ፣ የሕፃን ልብስ፣ ሳሙና፣ ለገንፎው የሚሆን እህል፣ ለመጓጓዣ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ አስቀድሞ ማኖር ሟርት ሳይሆን ጥበብ ነው።

ዝግጅቱ ከፅንስ በፊት ይጀምራል

የሶምሶንን እናት አስቡ። የእግዚአብሔር መልአክ ተገልጦ ልጅ እንደምትወልድ ሲነግራት ከወይን ጠጅና ከሚያሰክር መጠጥ እንድትጠበቅ አዘዛት (መሳ. 13)። ትእዛዙ የመጣው ገና ሳትፀንስ ነው። ሊወለድ ያለው ልጅ ናዝራዊ ነበርና የትእዛዙ ምሥጢር ከጤና በላይ ነው፤ ነገር ግን እናት የምትበላውና የምትጠጣው ለልጁ እንደሚተርፍ በግልጥ ያስተምረናል።

የዛሬው ሕክምናም ተመሳሳይ ነገር ይነግረናል። የሕፃኑ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ የሚዘጋው ከፅንሰት በኋላ በ28 ቀናት ገደማ ውስጥ ነው። በዚያ ጊዜ ብዙ እናቶች መፀነሳቸውን ገና አያውቁም። ስለዚህ ቱቦው በደንብ ሳይዘጋ እንዳይቀር የሚረዳው ፎሊክ አሲድ፣ በቀን 400 ማይክሮ ግራም፣ ቢቻል ከእርግዝናው ቢያንስ አንድ ወር ቀድሞ መጀመር አለበት። ሆድ ሲታይ መጀመር ለዚህ ጉዳይ ዘግይቷል። ጠላውም፣ ቦርዴውም፣ አረቄውም ቢሆን ለነፍሰ ጡር «ትንሽ አይጎዳም» የሚባልለት መጠን የለውም።

ይህ ቃል በተለይ ለጋብቻ ለምትዘጋጁ ወጣቶች ነው። ለሰርጉ ልብስ፣ ለድግሱና ለፎቶው ወራት ሙሉ እንመክራለን። በሥርዓተ ተክሊል አንድ ሥጋ የሚሆኑ ሙሽሮች ለሚወልዱት ልጅ ሲሉ አንድ ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ቢሄዱ፣ ደማቸውን ቢመረመሩ፣ ፎሊክ አሲድ ቢጠይቁ ከድግሱ ወጪ ምን ይጎድላል?

ለአንዷ መንቀሳቀስ፣ ለሌላዋ ማረፍ

ስለ ነፍሰ ጡር የአካል እንቅስቃሴ ሲነሣ ሁለት ዓይነት እናቶችን መለየት ያስፈልጋል። አንዷ በአሶሳ ከተማ ቀኑን በቢሮ ወንበር ላይ ታሳልፋለች፤ ወደ ሥራ የምትሄደውም የምትመለሰውም በባጃጅ ነው፤ ቤት ስትገባ «ተኚ፣ አትንቀሳቀሺ» ትባላለች። ሌላዋ በጉባ፣ በማንዱራ ወይም በድባጤ ገጠር ውኃና እንጨት ተሸክማ በፀሐይ ትሄዳለች። የጉሙዝ ሴቶች በትከሻቸው ላይ በሚያጋድሙት እንጨት በሁለቱ ጫፍ ሸክም አንጠልጥለው ሲጓዙ ያላየ የክልላችን ሰው የለም። ለሁለቱ አንድ ዓይነት ምክር መስጠት በአንዷ ላይ መፍረድ ነው።

ለመጀመሪያዋ እናት ምክሩ «ተንቀሳቀሺ» የሚል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ፣ የሚከለክል ሕመም የሌለባት ነፍሰ ጡር በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንድታደርግ ይመክራል። ይህም በሳምንት አምስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ፈጠን ብሎ እንደ መራመድ ነው። ልኩን ለማወቅ ቀላል መለኪያ አለ፦ እየተራመደች መነጋገር ከቻለች ልኩ ነው፤ ቃል ማውጣት ካቃታት በዝቷል። እንዲህ ያለው እንቅስቃሴ በእርግዝና ጊዜ የሚመጣውን የስኳር ሕመም ይቀንሳል፤ የወገብ ሕመምን ያቀላል፤ መንፈስን ያነቃል። ሽንት ለመያዝ የምንጠቀምባቸውን ጡንቻዎች ደጋግሞ ጨብጦ መልቀቅም ከወሊድ በፊትና በኋላ ይጠቅማል። አሶሳ ከጉባ ቆላ ይልቅ ብትቀዘቅዝም የሁለቱም ፀሐይ ብርቱ ነውና የእግር ጉዞው ማለዳ ወይም አመሻሽ ላይ ይሁን፤ ውኃም አብሮ ይያዝ። ደም ከታየ፣ እንሽርት ውኃ ከፈሰሰ፣ ራስ ካዞረ፣ ደረት ካመመ ወይም ሆድ እየቆነጠጠ ከመጣ ወዲያው ቆሞ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ይገባል።

ለሁለተኛዋ እናት ግን «ስፖርት ሥሪ» ማለት ፌዝ ነው። እርሷ የሚያስፈልጋት የሚሸከምላት ሰው ነው። ሃያ ሊትር ጀሪካን ሃያ ኪሎ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ይህን በዘጠነኛ ወሯ የምትሸከም እናት ባለችበት ቤት ወንድ ልጅ ባዶ እጁን ቢሄድ ነውሩ የማን ነው? ለእርሷ የጤና ምክር ማለት ባሏ ወይም ጎረቤቷ ሸክሙን መውሰዱ፣ በቀትር ጥላ ሥር ማረፏ፣ በተለይም በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት በጀርባዋ ሳይሆን በጎኗ ተኝታ በቂ እንቅልፍ ማግኘቷ ነው።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ የሥጋን ልምምድ ጥቅም ጥቂት ብሎ ከእግዚአብሔር መምሰል ጋር አነጻጽሮታል (1ጢሞ. 4፥8)። ይህን ጠቅሰው እንቅስቃሴን የሚንቁ አሉ። ሐዋርያው ግን የትኛው እንደሚበልጥ ነገረን እንጂ ጥቂቱን ጥቅም ጣሉት አላለንም። ሥጋችን የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ እንደሆነ ያስተማረንም እርሱ ራሱ ነው (1ቆሮ. 6፥19)። የነፍሰ ጡር ሥጋ ደግሞ የራሷ ብቻ አይደለም፤ ሌላ ነፍስ ተጠልሎበታል።

ስለ ጾምና ስለ ስግደት

እዚህ ላይ በጥንቃቄ እንነጋገር። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳዊት ቤተ ክርስቲያን ከጾም ወራት ሙሉ በሙሉ የሚያመልጥ እርግዝና የለም። ዐቢይ ጾም ባይገጥም ፍልሰታ ይገጥማል፤ ፍልሰታ ቢያልፍ ጾመ ነቢያት ይመጣል፤ ረቡዕና ዓርብም በየሳምንቱ አሉ። ስለዚህ የእያንዳንዷ ነፍሰ ጡር እኅታችን ጥያቄ ነው።

የሐዋርያት ቀኖና ጾምን ሲያዝ የሥጋ ድካም ያለበትን ለይቶ ያስቀምጣል። አባቶቻችንም ሕሙማንን፣ ነፍሰ ጡሮችንና አራሶችን እንደየአቅማቸው እያዩ ሲያሳርፉ ኖረዋል። ይህ የሚፈጸመው በንስሐ አባት ምክር ነው፤ ነፍሰ ጡሯ ሁኔታዋን ሳትደብቅ ትናገራለች፣ ካህኑም ከሐኪሙ ቃል ጋር አስተያይቶ ይፈቅድላታል። ችግሩ ያለው ከቀኖናው ዘንድ አይደለም። ችግሩ ያለው በጎረቤት ዓይን ነው። ካህኑ የፈቀደላትን እናት በማዕዷ አጠገብ ቆሞ «አንቺ አትጾሚም እንዴ?» የሚል ሰው ከካህኑ በላይ ካህን፣ ከቀኖናውም በላይ ቀኖና ሆኗል። እርሷም ፈርታ ፈቃዱን ትተዋለች፤ ሕፃኑም አብሯት ይራባል። ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 58 እግዚአብሔር የመረጠውን ጾም ሲገልጥ የተራበን ማብላትን ጠቅሷል። በእርግዝና ጊዜ የሚራበው ከሁሉ የቀረበ ድሀ በማኅፀን ያለው ነው።

አንዳንዷ እናት ደግሞ ከጥሉላቱ ተከልክላ በጾም ምግብ መቀጠልን ትወዳለች። ፈቃዷን ማክበር ይገባል፤ ነገር ግን ቢያንስ እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለ ምግብ አትቆይ። ምስር፣ ባቄላ፣ አተር፣ ሽሮ፣ ተልባ፣ ሱፍ፣ ጎመን በየቀኑ ይኑሯት። በአሶሳ ዙሪያ ማንጎ ሲደርስ መንገዱ ሁሉ ይሞላል፤ ማንጎና ሎሚ ከምስሩ ጋር ሲበሉ በምግቡ ያለው ብረት ወደ ደም እንዲገባ ያግዛሉ። ቡናና ሻይ ግን ይህን ይከለክላሉና ከምግብ አንድ ሰዓት ያህል ይራቁ። ቫይታሚን ቢ12 የሚባለው ከዕፅዋት ምግብ ስለማይገኝ፣ ጥሉላት የማትበላ ነፍሰ ጡር ይህንን ለጤና ባለሙያው ነግራ ምክር ትቀበል። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል መድኃኒት ነው፤ በጾም ሰዓት ቢዋጥ ጾም አፈረሰ ብሎ መተው አይገባም፤ ጥርጣሬ ያላት ንስሐ አባቷን ትጠይቅ።

ስለ ስግደትም እንዲሁ ነው። በሰሙነ ሕማማትና በስቅለት ዕለት የሚሰገደውን ስግደት ነፍሰ ጡር እንደ ሌላው ልትሰግድ አትገደድም። ራሷን ዝቅ አድርጋ ብትጸልይ ልብን የሚመረምር አምላክ ይቀበላታል። በቅዳሴ ሰዓትም ረጅም ጊዜ መቆም ለሚያዞራት እናት መቀመጫ መስጠት ውለታ ሳይሆን ግዴታችን ነው።

ጠበሉም ጤና ጣቢያውም

«እናቶቻችን ያለ ሐኪም ወልደው የለም ወይ?» የሚል ክርክር ብዙ ጊዜ ይሰማል። ወልደዋል። ግን ይህን የምንለው የተረፉትን ብቻ ቆጥረን ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በሕይወት በሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 እናቶች በእርግዝናና በወሊድ ምክንያት ይሞቱ ነበር። በዚያ ጊዜ በጤና ተቋም የሚወልዱት ከመቶ 5 ያህሉ ብቻ ነበሩ። በ2016 እ.ኤ.አ. የሟቾቹ ቁጥር ወደ 412 ወረደ፤ በተቋም የሚወልዱት ወደ 26 ከመቶ፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ወደ 48 ከመቶ ከፍ አሉ። ከእያንዳንዱ ቁጥር በስተጀርባ ያለ እናት የቀረ ልጅ አለ። ያዕቆብ የሚወዳት ራሔል አዋላጅ በአጠገቧ እያለች በኤፍራታ መንገድ ላይ በምጥ ሞታለች (ዘፍ. 35)፤ መጽሐፍ ይህን አልሸሸገም። የዕብራውያንን ሕፃናት ያዳኑትን አዋላጆች ሲፓራንና ፉሐንም እግዚአብሔር መልካም እንዳደረገላቸው ጽፎልናል (ዘፀ. 1)። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም የፈጠረው እግዚአብሔር እንደሆነ ያስተምረናል። ስለዚህ ጠበል የምትጠመቅና የምትጠጣ እናት ወደ ጤና ጣቢያ ብትሄድ ከአንዱ የእግዚአብሔር ስጦታ ወደ ሌላው ሄደች እንጂ እምነቷን አልጣለችም።

የዓለም ጤና ድርጅት ነፍሰ ጡር ቢያንስ ስምንት ጊዜ ከጤና ባለሙያ ጋር እንድትገናኝ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይመክራል። ከዚያ በፊት ምክሩ አራት ጊዜ ነበር። በእነዚህ ጊዜያት የደም ግፊቷ ይለካል፣ ደሟና ሽንቷ ይመረመራል፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ትወስዳለች፣ የሕፃኑ አቀማመጥ ይታያል። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት፣ የደም መፍሰስ፣ ትኩሳት፣ የሕፃኑ እንቅስቃሴ መቀነስ ከታየ ቀጠሮ ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት መሄድ ይገባል።

በክልላችን ደግሞ ወባ አለ። ወባ በነፍሰ ጡር ላይ ይበረታል፤ ደሟን ያሳንሳል፤ ጽንሱን ሊያስወርድ ወይም ሕፃኑ ክብደቱ አንሶ እንዲወለድ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ በቤቱ ያለው አጎበር አንድ ብቻ ከሆነ ቅድሚያው የነፍሰ ጡሯና የሕፃናቱ ነው። ትኩሳት ሲይዛት «ብርድ ነው፣ ያልፋል» ሳይባል በዕለቱ ደሟ ይመርመር።

ብቻዋን አትውለድ

በጉሙዝ ወገኖቻችን ዘንድ ሴት ምጥ ሲይዛት ከቤት ርቃ በጫካ ወይም በወንዝ ዳር ብቻዋን የምትወልድበት ልማድ ለብዙ ዘመን የቆየ ነው። ይህን ለመለወጥ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችና የሕዝቡ ልጆች ይደክማሉ። እኛ ከሌላ አካባቢ የመጣን ወይም በከተማ የምንኖር ስለዚህ ስንሰማ ራሳችንን ነቅንቀን እናዝናለን። ነገር ግን ራሳችንን እንመርምር። ባሏ በሥራ ምክንያት ርቆ፣ ጎረቤቷ በሩን ዘግቶ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቷ «ካገባች ወዲህ ቀረች» ብሎ ስሟን ከመዝገብ ሰርዞ፣ በከተማ መካከል ብቻዋን የምታምጥ እኅት የለችንም? ጫካው በዛፍ ብቻ አይሠራም፤ የሰው ዝምታም ጫካ ነው።

እናቶች በወሊድ የሚሞቱት በሦስት መዘግየቶች እንደሆነ የዘርፉ ሊቃውንት ይናገራሉ። አንደኛው ወደ ሕክምና ለመሄድ በመወሰን መዘግየት፣ ሁለተኛው በመንገድ መዘግየት፣ ሦስተኛው ተቋሙ ከደረሱ በኋላ ተገቢውን አገልግሎት ለማግኘት መዘግየት ነው። ሦስቱንም ሰንበት ትምህርት ቤት ሊያሳጥራቸው ይችላል።

አንደኛውን በትምህርት እናሳጥራለን። የጋብቻ ትምህርት ስንሰጥ አንዱን ክፍለ ጊዜ አዋላጅ ነርስ የሆነች እኅታችን ታስተምርበት። ባሎችም ይገኙ፤ በብዙ ቤት «እንሂድ» የሚለውን ቃል የሚጠብቁት እነርሱ ናቸውና። ይህ በወጣቶች ፊት ሊነገር አይገባም የሚል ካለ፣ የኤልሳቤጥ ማኅፀን ታሪክ በቤተ ክርስቲያን በሕዝብ ሁሉ ፊት እንደሚነበብ ያስታውስ።

ሁለተኛውን በዝግጅት እናሳጥራለን። ቤቷ ከጤና ጣቢያ ለራቀ እናት ከመውለጃዋ በፊት ገብታ የምትቆይበት የእናቶች ማቆያ በብዙ ጤና ጣቢያዎች አለ፤ እርሷ በዚያ ስትቆይ የቀሩትን ልጆቿን የሚጠብቅላት ከታጣ ግን አትሄድም። ልጆቹን በተራ መጠበቅ ለእኛ ከባድ አይደለም። በየወሩ ከምናዋጣው ጥቂት ለድንገተኛ መጓጓዣ ብናስቀምጥ፣ የአምቡላንሱን ስልክና መኪና ያላቸውን ምእመናን ስልክ በአንድ ሰው እጅ ብናኖር ሌሊቱ አያስጨንቅም።

ሦስተኛውን በደማችን እናሳጥራለን። ከወለደች በኋላ ደሟ አልቆም ያላት እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልታልፍ ትችላለች። በዚያች ሰዓት የሚያድናት ደም አስቀድሞ በደም ባንክ የተቀመጠው ነው። ጤነኛ ወጣት ሁሉ በየሦስት ወሩ ደም ሊለግስ ይችላል። ክርስቶስ ደሙን ሰጥቶ ያዳነን እኛ፣ እኅታችንን ለማዳን ግማሽ ሊትር የማይሞላ ደም መስጠት እንዴት ይከብደናል?

ከወለደች በኋላም ሥራችን አያልቅም። ወንድ ከሆነ እስከ 40፣ ሴት ከሆነች እስከ 80 ቀን እናት ወደ ቤተ መቅደስ አትገባም። እርሷ ወደ ቤተ ክርስቲያን የማትሄድበት ይህ ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ወደ እርሷ የምትሄድበት ነው። ካህኑ በጸሎትና በጠበል ይጎብኛት፤ እኅቶች ገንፎውን ያገንፉ፤ ወንድሞች ውኃውን ይቅዱ። ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ጡት ይያዝ፤ እስከ ስድስት ወር ከእናቱ ጡት በቀር ቅቤ ማላስም ሆነ የስኳር ውኃ ማጠጣት አያስፈልገውም። እናቲቱ ያለ ምክንያት የምታለቅስ፣ የማትተኛ፣ ሕፃኑን የምትፈራ ከሆነ «መንፈስ ነው» ብሎ መሸሽ አይገባም፤ ካህንም ሐኪምም ይያትላት።

ይህ አገልግሎት ለእኛ አባላት ብቻ እንዳይሆን አደራ እላለሁ። በመተከል በደረሰው ግጭት ከቤታቸው ከተፈናቀሉት መካከል ነፍሰ ጡሮች ነበሩ። ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም የሱዳንን ጦርነት ሸሽተው በኩርሙክ በኩል ወደ እኛ የገቡ ብዙ እናቶች አሉ። የበርታው ሙስሊም ጎረቤታችንም፣ የጉሙዙም፣ የሽናሻውም፣ የማኦና የኮሞውም እናት ምጧ አንድ ነው። ጌታችን በሕፃንነቱ በእናቱ እቅፍ ሆኖ ወደ ግብፅ ተሰድዷል፤ የስደተኛ እናት ደጃችን ስትቆም ማን እንደ መጣ እናስተውል። ደጉ ሳምራዊ የወደቀውን ሰው ሃይማኖቱን ሳይጠይቅ ቁስሉን አሰረለት።

ውድ አንባብያን፣ ከዛሬ ጀምሮ ነፍሰ ጡር ስታዩ ምርቃቱን አታስቀሩ። «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» በሉ። ቀጥላችሁም አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ «ቀጠሮሽ መቼ ነው? እኔ ልሸኝሽ?»

የኤልሳቤጥን ቤት የጎበኘች እመቤታችን የፀነሱትን ሁሉ በሰላም ትገላግል፤ የቅዱስ ሩፋኤል ረድኤት አይለያቸው። አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።